የዘር ጠባቂው የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ታላቅ የሚባለው አገር የገዛ ወይም ጦር የመራ ሰው ነው። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ታሪኩን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ሰው ግን ዕድሜውን ዘር ሲለቅም የኖረ ነው። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። እርሱን ለምን እንደ መረጥሁ ለመግለጽ አስቀድሜ ስለ አያቴ ቅል መናገር ያስፈልገኛል።

ወረታ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ አያቴ በየዓመቱ አተር የምትዘራባት አንዲት ጠባብ መደብ አለች። የፎገራ አፈር ዋልካ ስለ ሆነ፥ በክረምት ርብና ጕማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት የእኛም ጓሮ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ አያቴ አፈሩን ከፍ አድርጋ መደብ ትሠራና ዝናቡ ሲያባራ ትዘራለች። ፍሬውን ማታ በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች። በማግሥቱም አፈሩን በጣቷ እየበሳች አንዳንድ ፍሬ ትጥልበታለች። ሐረጉ ሲያድግ የሚንጠላጠልበት ጭራሮ ትተክልለታለች። እሸቱን እኛ ልጆች እንበላለን፤ አያቴ መርጣ ክር ያሰረችባቸውን ሐረጎች ግን ማንም አይነካም። እነርሱ በቆሙበት ደርቀው ለዘር ይለቀማሉ፤ ነቀዝ እንዳይገባባቸውም ከአመድ ጋር ተቀላቅለው በቅል ይቀመጣሉ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ርቦኝ መጣሁ። በቤት ማንም ስላልነበረ ከዚያ ቅል ሁለት እፍኝ ወስጄ ቆልቼ በላሁ። አያቴ ገና ከደጅ ስትገባ የቆሎው ሽታ ነገራት። እመታለሁ ብዬ ስፈራ እርስዋ ግን ተቀምጣ አለቀሰች። ማታ እናቴ ምክንያቱን አስረዳችኝ። አያቴ ያደገችው በእብናት ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በቤታቸው የቀረው እህል በአንድ ቅል ያለ የአተር ዘር ብቻ ነበር። ልጆቹ በረኃብ ሲያለቅሱ ቅድመ አያቴ ቅሉን አልከፍትም አለች። የአያቴ ታናሽ ወንድም በዚያው ወራት ሞተ። ክረምቱ ሲገባ ዘሩ ተዘራ፤ ከዚያ በኋላ በቤተሰባችን የተዘራው አተር ሁሉ ከእርሱ የመጣ ነው። ቅድመ አያቴ ያደረገችው ነገር ልክ ነበረ ወይስ አልነበረም፥ አያቴ እስከ ዛሬ ተናግራው አታውቅም። እኔም ስለ ቫቪሎቭ በባዮሎጂ ክፍል ስማር ትዝ ያለኝ ይህ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን፥ ዓ.ም. ካልተባለበት በስተቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገጠር ገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ፤ ኒኮላይ ግን እርሻን መርጦ በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ዘመን በሩሲያ ድርቅ በተነሣ ቍጥር ሕዝብ ያልቅ ነበርና፥ ይህ ወጣት የእህልን ጠባይ አጥንቶ ረኃብን ለማሸነፍ ቈረጠ።

በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከታወቀው ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን ብዙ ምርምር ካደረገባቸው ተክሎች አንዱ ስዊት ፒ የሚባለው የአበባ አተር ነው። ይህ ተክል በአውሮፓ በየቤቱ የአትክልት ቦታ ለመልኩና ለመልካም ሽታው ይዘራል። ቤትሰንና ጓደኞቹ ነጭ አበባ ያላቸውን ሁለት ዓይነቶች ቢያዳቅሉ ሐምራዊ አበባ አገኙ። በዚህም ለዓይን የማይታይ ጠባይ በዘር ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር አሳዩ። ይህ አበባ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ውሃው ከሸሸ በኋላ በቀረው እርጥበት ብቻ በፎገራ ሜዳ የሚበቅለው ጓያ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ላቲረስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ጓያ በአበባው ጊዜ ሜዳችንን ያስጌጣል፥ ድርቅንም ይችላል። ነገር ግን በችግር ዘመን ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል። ሊቃውንት ዛሬ መርዙ ያነሰ ጓያ የሚፈልጉት ከልዩ ልዩ ዘሮች መካከል በመምረጥና በማዳቀል ነው። እንግዲህ ዘሩ በብዙ ዓይነት ካልተጠበቀ መድኃኒቱ ከየት ይገኛል?

የቫቪሎቭም ዋና ሐሳብ ይኸው ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በሳራቶቭ ከተማ አስተማረ፤ በ1921 ደግሞ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ወደምትባለው ከተማ ሄዶ የተክሎች ምርምር ድርጅት መሪ ሆነ። አንድ ሰብል የተወለደበትንና ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበትን አገር ማወቅ እንደሚገባ አስተማረ፤ በሽታን ወይም ድርቅን የሚችል ዘር የሚገኘው ከዚያ ነውና። ይህን ፍለጋ ፋርስንና አፍጋኒስታንን ጨምሮ በአምስት አህጉራት ዞረ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1927፥ ማለት በ1919 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፥ በአገሩም እንዲዘዋወር ፈቀዱለት። ከዚያም በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በጎንደርና በአክሱም አልፎ አስመራ ደረሰ። በየእርሻውና በየገበያው የስንዴ፥ የገብስ፥ የጤፍ፥ የአተርና የሌላም እህል ዘር ለቀመ። ስንዴውና ገብሱ በዚህ አገር ያለው ዓይነት ብዛት አስደነቀው፤ ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ስፍራዎች መካከል ቈጠራት። አተራችንም ቢሆን የራሱ ወገን አለው፤ በትግራይና በወሎ ደቆቆ የሚባለው አተር በሊቃውንት ዘንድ በአቢሲኒያ ስም ይጠራል። ቫቪሎቭ ከሞተ በኋላም ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካን ገብስ የሚያጠቃ አንድ በሽታ በተነሣ ጊዜ በሽታውን የሚቋቋም ጠባይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

በ1940 ገደማ የድርጅቱ የዘር ስብስብ ወደ 250 ሺህ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው የዘርን ሳይንስ ክዶ በአጭር ጊዜ ብዙ ምርት አመጣለሁ እያለ በስታሊን ፊት ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ እውነቱን አልለውጥም አለ። ነሐሴ 6 ቀን 1940 በዩክሬን ምዕራብ ዘር ሲለቅም ተያዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተጎሳቍሎ ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመቱ ሞተ። ወጣት ሳለ ያስተማረባት ከተማ መሞቻው ሆነች። የምስር ሊቅ የነበረችው ባለቤቱ የለና ባሩሊና ከጦርነቱ ሸሽታ በዚያው በሳራቶቭ ስትኖር ባሏ በአጠገቧ መታሰሩን አላወቀችም። ረኃብን ለማጥፋት ዓለምን የዞረ ሰው ራሱን ረኃብ ገደለው።

በዚሁ ጊዜ የጀርመን ጦር ከተማቸውን ሌኒንግራድን ከ1941 እስከ 1944 ከብቦ ነበር። ሕዝቡ በረኃብ ሲረግፍ የቫቪሎቭ የሥራ ጓደኞች በእህል በተሞላ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዘሩን ጠበቁ እንጂ አልበሉም። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በብዙ ሺህ የሩዝ ጥቅል መካከል በረኃብ ሞተ፤ ሌሎችም እንደ እርሱ ሞቱ። ዛሬ የሩዝ አገር በሆነችውና የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሚገኝባት በወረታ የምንኖር ሁሉ ይህን ስም ልናውቀው ይገባናል።

በ1955 ቫቪሎቭ በደለኛ እንዳልነበረ በመንግሥቱ ተመሰከረለት፤ የመራው ድርጅትም በ1967 በስሙ ተሰየመ። ሥራውም በአገራችን ወራሽ አላጣም። በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ባንኩን በሚመሩበት ጊዜ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ የገበሬው ዘር ተበልቶ እንዳያልቅ ከየስፍራው እንዲሰበሰብ ደከሙ።

ይህን ታሪክ ለአያቴ በእሳት ዳር ነገርኋት። ስለ ኢቫኖቭ ስነግራት ልጆች ነበሩትን ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላነበብሁም ነበርና ዝም አልሁ፤ እርስዋም ዝም አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የሌኒንግራድ ሊቃውንት የገዛ ረኃባቸውን ቻሉ፤ ቅድመ አያቴ ግን የቻለችው የልጇን ረኃብ ነው። ስለዚህ የእርስዋን ሥራ ለማወደስም ለመንቀፍም አልደፍርም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰው በዘርና በልጅ መካከል እንዲመርጥ የሚገደድበት ቀን እንዳይመጣ፥ ዘር በጥጋብ ዘመን መጠበቅ አለበት። ቫቪሎቭ የደከመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በየቤታችን አያቶቻችን በቅልና በእንስራ ያኖሩትን ዘር ስሙንና ጠባዩን ጠይቀን እንጻፍ፥ ጥቂትም ቢሆን በየጓሮአችን እንዝራ። እኔ ዘንድሮ ግማሿን መደብ ራሴ ዘርቻለሁ። አበባው በወጣ ጊዜም አያቴ ክሩን በእጄ ሰጠችኝና ለዘር የሚሆኑትን ሐረጎች እኔው መርጬ አሰርሁ።