ሲሪል ሂንሸልውድ፦ የሞለኪውልን ንዝረት ያሰላ ኬሚስት

በጋምቤላ ከተማ በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚያ ሙቀት፣ ውሃ ለማከም የተቀመጠ በረኪና በደጋ አገር ካለው ይልቅ ቶሎ ጉልበቱን ያጣል። በአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ሙቀት ውስጥ ካሉት ሞለኪውሎች አንዱ ዛሬ ሲፈርስ ሌላው ለወራት የሚቆየው ስለ ምን ይሆን? የበረኪና መፍረስ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚካሄድ መንገዱ የተወሳሰበ ነው፤ ይህንኑ ጥያቄ በጋዝ ላይ የመረመረው ግን እንግሊዛዊው ሲሪል ሂንሸልውድ ነበር።

ሂንሸልውድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ለንደን ላይ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። ኦክስፎርድ ለመግባት ዕድል ቢያገኝም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስላገደው በ1916 በኩዊንስፈሪ የፈንጂ ፋብሪካ ተቀጠረ። የዕድሜ ልክ ሥራው የተጀመረው እዚያ ነው፤ ፈንጂ ሳይፈነዳ ቀስ በቀስ ሲበላሽ የሚያወጣውን ጋዝ ይለካ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ ኮሌጆች ምድር ቤት ውስጥ ሠራ። መሣሪያው ምድጃ፣ የመስታወት ዕቃ፣ የባዜቃ ግፊት መለኪያና ሰዓት ነው። አንዱ ሞለኪውል ለሁለት ሲከፈል ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ከዚያ የመፍረሱን ፍጥነት ያሰላል። ከእርሱ በፊት ሊንደማን፣ ሞለኪውል በግጭት ኃይል ይቀበላል፣ ከመፍረሱ በፊትም ጥቂት ይቆያል፣ በዚያ መካከል ዳግመኛ ከተጋጨ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ቁጥሩ አልገጠመም፤ የተሰላው ፍጥነት ከታየው እጅግ ያንስ ነበር። ሂንሸልውድ በ1926 እና በ1927 የጎደለውን ከሞለኪውሉ ውስጥ ፈለገ። እያንዳንዱ የአተሞች ንዝረት የኃይል ማኖሪያ ስለሆነ፣ ብዙ ንዝረት ያለው ሞለኪውል ለመፍረስ የሚበቃውን ኃይል የመያዝ ዕድሉ እጅግ የበዛ ነው። ሒሳቡም ተቃና።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ለማስረጃ ከቆጠራቸው ጋዞች አንዱ፣ ፕሮፒዮናልዴሃይድ፣ በከፊል በሰንሰለታዊ ሂደት እንደሚፈርስ በ1930ዎቹ ታወቀ፤ ይህን ካረጋገጡት አንዱ ራሱ ሂንሸልውድ መሆኑ በእኔ ግምት ከሽልማቱ የሚበልጥ ክብር ነው። ምሳሌው ሲወድቅ ሐሳቡ ቆመ። በ1956 ከሶቪየቱ ሴሚዮኖቭ ጋር ኖቤልን ተካፈለ። ላቲን፣ ግሪክኛና ሩሲያኛ ያውቅ ነበር፤ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲንና የጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ማኅበርን በአንድ ወቅት በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

የመጀመሪያው ሌዘር በ1960 ሲበራ ሂንሸልውድ በሕይወት ነበር፤ በ1967 ሲሞት ግን ሌዘር ለእርሱ ጥያቄ ገና አልደረሰም። በ1970ዎቹ በኢንፍራሬድ ሌዘር የሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን ንዝረት እያሳደጉ ያለ ምድጃ ማፍረስ ተቻለ። የባሮ ውሃ በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ከሚወርድባት ከግብፅ የተወለደው አህመድ ዘወይል ደግሞ በ1987 የአንድን ትስስር መበጠስ በ200 ፌምቶሰከንድ ገደማ ለካ። ሌዘር የተፈለገውን ትስስር ብቻ መርጦ ይቆርጣል የሚለው ተስፋ ግን በአብዛኛው አልተሳካም። ኃይሉ ከቢሊዮንኛ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ወደ ሌሎቹ ንዝረቶች ይሰራጫል፤ ሞለኪውሉም የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ሌዘሩ በነካው ቦታ ሳይሆን ትስስሩ በሚደክምበት ነው።