ደሴ ቀድማ የኖረችው ፊልም፦ የኤች. ጂ. ዌልስ ሕይወት

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ጠዋት ነው። የደሴ ሰው ወደየጉዳዩ ሊሰማራ ሲል ከሰማይ ጉርምርምታ መጣ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ናቸው። ቦምብ ወረደ፣ የሣር ክዳን ቤቶች በእሳት ተያያዙ፣ የቀይ መስቀል ድንኳኖችና አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚሠሩበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፉም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ሰሞን ጦሩን ለመምራት ደሴ ገብተው ስለነበር ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ።

ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ በየካቲት፣ ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ ፊልም ተመረቀ። ፊልሙ ላይ ሰላማዊ ከተማ በድንገት ከአየር ይደበደባል። ሕዝቡ ይራወጣል፣ ሕንፃው ይፈርሳል፣ ጋዝ ይረጫል። የለንደን ተመልካች ሞቅ ባለ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ ይሄ ወደፊት ሊመጣ ይችላል ብሎ ፈራ።

ደሴ ግን ወደፊቱን ኖራው ጨርሳ ነበር።

ፊልሙን የጻፈው ሰውዬ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ይባላል። ስሙን ባትሰሙ እንኳ ሥራውን ታውቁታላችሁ። በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ መኪና፣ የማይታይ ሰው፣ ከሌላ ፕላኔት መጥቶ ምድርን የሚወር ፍጡር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታዩት ሳይንስ ፊክሽን ግማሹ ከዚህ ሰው ጭንቅላት ጋር ዝምድና አለው። እስኪ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የሱቅ ልጅ

ዌልስ መስከረም 21 ቀን 1866 ከለንደን ብዙም በማትርቀው ብሮምሊ ተወለደ። ቤቱ የድሃ ቤት ነው። አባቱ ሰሃንና ሸክላ ዕቃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ሱቋ ስለማታበላ ክሪኬት እየተጫወተ ይደጉማል። እናቱ ከማግባቷ በፊት የሀብታም ቤት ሠራተኛ ነበረች።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እግሩ ተሰበረ። አልጋ ላይ ዋለ። አባቱ መጽሐፍ እያመጣለት እሱም እያነበበ ቀኑን ይገፋል። ይህ አደጋ ነው እንግዲህ ደራሲ ያደረገው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የአባትየው ሆነ፤ እግሩ ተሰብሮ ክሪኬቱ ቀረ። ቤቱ ጭራሽ ተናጋ፤ እናቱ ተመልሳ የሀብታም ቤት ልታስተዳድር ሄደች፤ ልጁም ጨርቃ ጨርቅ መደብር በተለማማጅነት ገባ።

በቀን 13 ሰዓት ሥራ፣ ማታ ከሌሎች ተለማማጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተኛት። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን እያየ ያደገ ልጅ ጣቃ ተሸክሞ መዋል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ዌልስ ይህን ኑሮ አምርሮ ጠላው። እናቱን ለምኖ፣ ጨቅጭቆ፣ በመጨረሻ ውሉን አፍርሶ ወጣና በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነ። እያስተማረ ይማራል። በ1884 የመንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ገባ። ሥነ ሕይወት ያስተማረው ቶማስ ሃክስሊ ነበር፤ የዳርዊን ዋና ጠበቃ የሚባለው ሰው። የሰው ልጅ ይለወጣል፣ ሊጠፋም ይችላል የሚለው ሐሳብ ያኔ ገብቶት እስኪሞት አልለቀቀውም።

ወደፊት የሚሄደው መኪና

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ሕመም ነበር። እያስተማረ ኳስ ሲጫወት ኩላሊቱን ተመታ፣ ሳንባውም ደማ። ቆሞ ማስተማር ሲያቅተው ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። በ1895 «የጊዜ መኪና» ታተመ። አንድ ሰው በሠራው መሣሪያ ተቀምጦ እስከ 802,701 ዓመት ድረስ ይጓዛል፤ እዚያ ሲደርስ የሰው ልጅ ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ ላይ ያሉት እየተጫወቱ የሚኖሩ፣ ታች መሬት ውስጥ ያሉት እየሠሩ የኖሩ። የሀብታምና የድሃ ነገር ነው፤ የጨርቅ ሱቁን ልጅ ልብ በሉ።

ይህች መጽሐፍ በ1960 ፊልም ሆነች። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ፓል ታሪኩን የሚጀምረው በ1899 የመጨረሻ ምሽት ነው፤ ሻማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ባለ ቬልቬት ወንበር የመሰለች መኪና። ወደፊት ስለመሄድ የተሠራ ፊልም ሆኖ ዛሬ ሰው የሚያየው በትዝታ ነው። በልዩ ቅንብሩ ኦስካር አግኝቷል። ተጓዡ ግን መንገድ ላይ መጽሐፉ ውስጥ የሌሉ ቦታዎች ይቆማል፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ። መጽሐፉ ሲጻፍ እነዚህ ገና አልመጡም ነበራ! በ2002 ድጋሚ ሲሠራ ዳይሬክተሩ የዌልስ የልጅ ልጅ ልጅ ሳይመን ዌልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው አላቆመም። በ1897 «የማይታየው ሰው»፣ በ1898 «የዓለማት ጦርነት»። በዚህ በሁለተኛው ማርሳውያን እንግሊዝን ይወራሉ። ሐሳቡን የወሰደው ከራሱ አገር ሰዎች ሥራ ነው፤ አውሮፓውያን የታዝማኒያን ሕዝብ እንዴት እንደፈጁ አስታውሶ፣ እኛ ላይ ቢደርስስ ብሎ ጠየቀ። ጊዜውን አስቡት፤ አድዋ ላይ ወራሪ ከተሸነፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

ግን ሰውዬውን መልአክ አናድርገው። በ1901 ባወጣው መጽሐፍ ከአዲሱ ዓለም ጋር እኩል መራመድ ያልቻሉ ጥቁርና ቢጫ ሕዝቦች መጥፋት አለባቸው እስከማለት ደርሷል። የታዝማኒያን ግፍ ያወገዘው ያው ብዕር ነው ይህንንም የጻፈው። ትዳሩም ቢሆን ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ሁለቴ አግብቶ፣ ከትዳር ውጭም ልጆች ወልዷል።

ሰማዩን የፈራ፣ ሰማዩን ያመነ

አሁን ወደ ደሴ የሚመልሰን ነገር መጣ። ራይት ወንድማማቾች በ1903 በረሩ። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1908፣ ዌልስ «ጦርነት በአየር ላይ» የሚል ልብወለድ አወጣ። ከተማ ከሰማይ ይደበደባል፤ ከዚያ ወዲያ ግንባርና ቤት የሚባል ልዩነት የለም። ወታደሩም እናቲቱም እኩል ናቸው።

ሦስት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው። በ1911 ሊቢያ ውስጥ በታሪክ የመጀመሪያው ቦምብ ከአውሮፕላን ተጣለ። የጣለው ማን ነው? ጣሊያናዊ አብራሪ። ከ24 ዓመት በኋላ ያው አገር ደሴ ላይ መጣ።

በ1933 ዌልስ ስለ መጪው ዘመን ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ራሱ አዘጋጀ። አሌክሳንደር ኮርዳ ገንዘቡን አወጣ፣ ዊሊያም ካሜሮን ሜንዚስ ዳይሬክት አደረገ። «ቲንግስ ቱ ካም» ይባላል፤ በእኛው «የሚመጡ ነገሮች» እንበለው። ፊልሙ ላይ ጦርነቱ በ1940 የገና ሰሞን ይጀምርና አሥርት ዓመታት ይቀጥላል። ከተማው ፍርስራሽ ይሆናል፣ ወረርሽኝ ይገባል፣ አንድ ጉልበተኛ ይነግሣል። ከዚያ ጥቁር የለበሱ ሳይንስ የሚያውቁ አብራሪዎች በግዙፍ አውሮፕላን ይመጣሉ፤ በሚያስተኛ ጋዝ ጉልበተኞቹን ጸጥ ያሰኛሉ፤ አዲስ ዓለም ይሠራሉ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፊልሙ ለንደን በተመረቀበት በዚያው ወር አምባ አራዶም ላይ የኛ ሰዎች ከአየር እየተደበደቡ ነበር። የመርዝ ጋዝ ደግሞ ከታኅሣሥ ጀምሮ በተከዜ በኩል ሲረጭ ከርሟል። ጣሊያን ይህንን ጋዝ ላለመጠቀም በ1925 ጄኔቫ ላይ ፈርማለች፤ ፊርማው የማንንም ቆዳ አላዳነም። ከማይጨው በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል የሚመለሰውንም ጦር አውሮፕላን አሳደደው። ደሴ ራሷ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ወደቀች።

እንግዲህ ዌልስ ግማሹን አወቀው፣ ግማሹን ሳተው። ከሰማይ ሞት እንደሚመጣ ከብዙዎች ቀድሞ አይቷል። ነገር ግን መሣሪያው የተማረና የሠለጠነ ሰው እጅ ከገባ ዓለም ይድናል ብሎ አመነ። ደሴ ላይ የመጣው አብራሪ እኮ የተማረ ነው፣ የሠለጠነ ነኝ ባይ ነው፣ አውሮፕላኑም የዘመኑ ምርጥ ነው። ሥልጣኔ ላስተምር መጣሁ እያለ ነው ሆስፒታል የመታው። ችግሩ የዕውቀት ማነስ አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፊልሙ ላይ 1940 ተብሎ የተቀጠረው ቀጠሮ አልተዛነፈም። በዚያው ዓመት የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌት ከቀን ደበደቡ። ዌልስ ያን ጊዜ ከሰባ አልፎታል፣ የስኳር በሽተኛ ነው፤ ሆኖም ከለንደን ቤቱ አልወጣም አለ። የፈራውን ነገር ከመስኮቱ አየው።

ያኔ የሠራው ሥራ ግን ከልብወለዶቹ ባላነሰ ሊነገርለት ይገባል። በ1940 ስለ ሰው ልጆች መብት መጽሐፍ አሳተመ፣ የመብቶች ዝርዝር እንዲረቀቅና በዓለም እንዲነበብ ተሯሯጠ። ዘርና ቀለም ሳይለይ ለሁሉም ሰው የሚሆን መብት። የ1901ዱ ሰውዬ ይህን ጻፈ ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው፤ ሰው ይለወጣል። እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ሁለንተናዊውን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቅ ድጋፍ ከሰጡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

አንድ ሌላም አለ። በ1914 ባሳተመው ልብወለድ አቶሚክ ቦምብ የሚል ስም ተጠቅሞ ነበር። መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ ሊዮ ዚላርድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ በኋላ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደትን ሐሳብ ያመነጨው እሱ ነው። ዌልስ የሂሮሺማን ወሬ ሳይሰማ አልሞተም። ነሐሴ 13 ቀን 1946 በ79 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ።

ለእኛ ምን ቀረ?

«የሚመጡ ነገሮች» የሚያልቀው በ2036 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2028 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ደጃፋችን ላይ። ወጣት ወንድና ሴት በትልቅ መድፍ ወደ ጨረቃ ይተኮሳሉ። እኛ ዛሬ ጦሳ ሥር ቆመን ቀና ስንል ኮምቦልቻ ሊያርፍ የሚወርደውን አውሮፕላን እናያለን። እንግዳ ይዞ የመጣ ነው ብለን ደስ ይለናል። የ1928 ዓ.ም. ሕፃን ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ ጉድጓድ ይፈልግ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጅ የነበራችሁም ስሜቱን አታጡትም።

የለንደን ፍርሃት ፊልም አለው፤ ታድሶ፣ ጠርቶ፣ ዛሬም ይታያል። የደሴው ጠዋት ያለው በሰው አፍ ላይ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። የዓይን ምስክሮቹ ጥቂት ቢቀሩ ነው፤ ከእነሱ የሰሙ ልጆቻቸው ግን አሁንም አሉ፤ አያቶቻችሁ ናቸው። ስለዚህ እቤት ያሉትን እማማና አባባ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው። የት ተደበቁ? ማን ሞተ? የማን ቤት ተቃጠለ? ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት።

ዌልስ የሚመጣውን አይቶ ጻፈ። እኛ ያለፈውን እንኳ ሳንቀዳ እንዳናሳልፈው።