ሮበርት ዌደርበርን፦ ብዙ ሞዴል፣ አንድ ስሌት

በስታትስቲክስ ሙያ የሥራው ፍሬ በየዕለቱ የሚሠራበት፣ የሕይወት ታሪኩ ግን እምብዛም የማይነገርለት ሰው ቢኖር ሮበርት ዌደርበርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በኤዲንብራ ተወልዶ፣ በዚያው በፌትስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው በሮተምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ በስታትስቲክስ ክፍል ሥራ ያዘ። ክፍሉ ቀደም ሲል ሮናልድ ፊሸር የሠራበት፣ በዌደርበርን ጊዜም ጆን ኔልደር ይመራው የነበረ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ችግር መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። የሰብል ምርትን የሚያጠናው ሬግሬሽን አንድ የስሌት ሥርዓት ነበረው፤ የመርዝን መጠን ከተባይ ሞት ጋር የሚያዛምደው ፕሮቢት የተባለው ዘዴ ሌላ፤ በሠንጠረዥ የተቆጠሩ ነገሮችን የሚመረምረውም እንዲሁ ሌላ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር የፈለገ ተመራማሪ እንደ አዲስ ተማሪ ሀ ብሎ ይጀምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 ኔልደርና ዌደርበርን በሮያል ስታትስቲካል ሶሳይቲ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን አሳዩ። የዚህ ቤተሰብ ሞዴል ሁሉ በሦስት ነገሮች ይገለጻል፤ እነርሱም መረጃው የሚከተለው የፕሮባቢሊቲ ሥርጭት፣ የመንስኤዎቹ መስመራዊ ድምር፣ ይህንንም ድምር ከአማካዩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ፈንክሽን ናቸው። ስሌቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ መረጃ ክብደት እየሰጡ የሊስት ስኩዌርን ስሌት ውጤቱ እስኪረጋ ድረስ መደጋገም ነው። ዌደርበርን በዚያን ጊዜ 25 ዓመት ቢሆነው ነው። በ1974 ግሊም የተባለው ፕሮግራም ወጣ፤ ተጠቃሚውም ሥርጭቱንና ማያያዣውን ብቻ እየለወጠ በአንዱ የማስላት ትእዛዝ ይገለገል ጀመር። አንድ ሐሳብ በዚህ ፍጥነት መሣሪያ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በዚያው ዓመት ብቻውን በባዮሜትሪካ መጽሔት ያወጣው ሥራው ነው። ሥርጭቱ በውል ያልታወቀ እንደሆነስ? ለዚህ ያቀረበው ምሳሌ በ9 ቦታዎች በተዘሩ 10 የገብስ ዝርያዎች ላይ በበሽታ የተበላሸው የቅጠል ስፋት በመቶኛ ነበር። መቶኛው ከቁጠራ የተገኘ ስላልሆነ የተለመደው ሥርጭት አይገጥመውም። ዌደርበርን ቫርያንሱ ከአማካዩ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማወቅ ብቻ እንደሚበቃ፣ የስሌቱም ሥርዓት መለወጥ እንደማያስፈልገው አስረዳ።

በ1975 በቦይ ላይ በጀልባ ዕረፍቱን ሲያሳልፍ ነፍሳት ነደፈው፤ ሰውነቱም በድንገተኛ አለርጂ ተሸንፎ በ28 ዓመቱ አረፈ። የስሌቱ መልስ መቼ እንደሚኖርና መቼም አንድ ብቻ እንደሚሆን የመረመረበት ጽሑፍ በ1976፣ ከሞቱ በኋላ ታተመ።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በየፕሮግራሙ ገብቷል። ነገር ግን በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረው ኤስ የተባለው ቋንቋ፣ ኋላም ወራሹ አር፣ ለሞዴሎቹ ሁሉ አንድ የትእዛዝ ስም ሲሰጡ ከስሙ በስተጀርባ ያለው መልስ አንድ አልሆነም። በአር የትንበያው ትእዛዝ ለተራው መስመራዊ ሞዴል በመረጃው መለኪያ ይመልሳል፤ ለዌደርበርን ቤተሰብ ግን ተጠቃሚው ለይቶ ካልጠየቀ በቀር በማያያዣው መለኪያ ነው የሚመልሰው። በወር የሚደርሰውን የውሃ ቧንቧ ስብራት የሚተነብይ መሐንዲስ 2 የሚል መልስ ቢያገኝ፣ ማያያዣው ሎጋሪዝም ከሆነ ትክክለኛው ትንበያ 7.4 ያህል ነው። የጥገና ሠራተኛና ዕቃ ለ2 ስብራት አሰናድቶ ከ7 በላይ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በሞዴሉና በመረጃው መካከል ያለውን ቀሪ ልዩነት የሚያወጣው ትእዛዝም እንዲሁ ለአንዱ ተራውን ልዩነት፣ ለሌላው ደግሞ በዲቪያንስ የተሰላውን ያቀርባል። የስሕተት ወሰን በማያያዣው መለኪያ ማስላት የተሻለ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ይህ ለአሠሪው እንጂ ለተጠቃሚው ምክንያት አይሆንም። ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ 2ም ሆነ 7.4 የመለኪያ ስም ሳይጻፍበት ይወጣል።