ሜሪ ስቶፕስ ማን ነበረች?

በአገራችን ሜሪ ስቶፕስ የሚለውን ስም ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ስሙ ከ1990 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለ30 ዓመት ያህል በክሊኒክ ሰሌዳ ላይ ሲነበብ ኖሯል፤ ድርጅቱም በ2020 ስሙን ኤም ኤስ አይ ብሎ ለውጧል። ዳሩ ግን ይህ ስም የአንዲት ሴት ስም መሆኑን፥ ሴትዮዋም ምን እንደ ሠራች ቢጠየቅ ብዙው ሰው ዝም ይላል።

ሜሪ በ1880 በኤዲንበርግ ከተማ ተወለደች። እናቷ ሻርሎት የሼክስፒርን ነገር የምትመረምር፥ ለሴቶች መብትም የምትከራከር ምሁር ነበረች። ልጅቱ በለንደን ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሥነ ዕፅዋትንና ጂኦሎጂን ተምራ በ1902 ጨረሰች፤ በ1904 በሙኒክ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች፤ በዚያው ዓመት በማንችስተር ዩኒቨርስቲ አስተማሪ ሆነች። በ1907 ደግሞ ድንጋይ የሆኑ ጥንታውያን ዕፅዋትን ፍለጋ እስከ ጃፓን ሄደች። በዚሁ ብትቀጥል ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሱት የድንጋይ ከሰል ሊቃውንት ብቻ በሆኑ ነበር።

መንገዷን ያስለወጣት ትዳሯ ነው። በ1911 ሬጂናልድ ጌትስ የሚባል የካናዳ ሊቅ አገባች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ባሌ አንድም ቀን በግብረ ሥጋ አልደረሰብኝም ስትል ፍርድ ቤት ቀረበች፤ እሱ ነገሩን ባያምንም ጋብቻው በ1916 ፈረሰ። እሷ እንደምትለው፥ የተማረች ሴት ሳለች የገዛ ትዳሯ ምን እንደ ጐደለው ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ አስፈልጓታል።

ከዚህ የተነሣ በመጋቢት 1918 ስለ ጋብቻ ፍቅር የጻፈችውን መጽሐፍ አሳተመች። በሁለት ሳምንት 2,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ፤ አሜሪካ ግን እስከ 1931 ድረስ ከለከለችው። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ምን ነበር? ሴትም እንደ ወንድ ፍትወት አላት፤ ነገር ግን ፍላጎቷ እንደ ማዕበል በወር ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ባል ይህን ሳያውቅ ባሻው ጊዜ ቢቀርብ ሚስት ትሸሻለች፤ እሱም አልተወደድኩም ብሎ ያዝናል። ስለዚህ ባል የሚስቱን ጊዜ ይወቅ፥ በየጊዜውም እንደ አዲስ ይጫት፥ ካልፈቀደችም ይተዋት ትላለች። ያን ጊዜ ሚስት የባሏን ፈቃድ መፈጸም ግዴታዋ ነው ይባል ስለ ነበር፥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማዕበሉ በወር ሁለት ጊዜ ይነሣል ያለችው ግን ከራሷና ከጥቂት ሴቶች የወሰደችው ነው፤ በኋላ የተደረገው ምርምር ለሴት ሁሉ የሚሆን እንዲህ ያለ ሕግ አላገኘም።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ደብዳቤ ጐረፈላት፤ ጻፊዎቹ ሚስቶች ብቻ ሳይሆኑ ወታደሮች፥ ቄሶች፥ ሐኪሞችም ነበሩ።

እዚህ ላይ አገሬን ላንሣ። ጮሌ ነው አገሬ፤ ጠባዬን መናገሬ አይደለም፥ በአርሲ ደጋ ያለውን ጮሌን ማለቴ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሚስት በደል ሲደርስባት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የተቀበለችውን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች፤ የሰፈሩ ሴቶችም የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይከተሏታል፤ ባል ጥፋቱን አምኖ ሳይክስ አይመለሱም። ታላቅ ኃይል ነው። አንዱ እየፈለገ ሌላው ሳይፈልግ ሲቀር ግን በደል አይባልምና ሲንቄ አይወጣበትም፤ ለሽማግሌም መንገሩ ያሳፍራል። ስለዚህ ወጡ ጨው በዛበት፥ ከገበያ አመሸሽ በሚል ሌላ ክስ ተሸፍኖ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ገበያውን አስታርቀው ይነሣሉ፤ መኝታው እንደ ነበረ ይቀራል።

ለሜሪ ይጽፉ የነበሩትም እንዲሁ ለማንም መንገር ያቃታቸው ናቸው። ከሷ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች መንገዱን አሰፉት፤ አሜሪካውያኑ ማስተርስና ጆንሰን በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ አንዱን በሽተኛ ከማለት ይልቅ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ማከምን፥ ለጊዜውም ግብረ ሥጋውን አስትቶ በመዳሰስ ብቻ እንደገና ማለማመድን አስተማሩ።

ሜሪ በ1918 የአውሮፕላን ፋብሪካ ባለቤት የነበረውን ሃምፍሬይ ሮን አገባች፤ ከሱም ጋር መጋቢት 17 ቀን 1921 በሰሜን ለንደን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክሊኒክ ከፈተች። ደግ ሴት ነበረች ብዬ ግን አላልፍም። ለመውለድ ብቁ አይደሉም የምትላቸው ሰዎች በሕግ እንዲመክኑ ትሻ ነበር፤ አንድ ልጇ መነጽር የምታደርግ ሴት ሲያጭ ዘሩን ያበላሻል ብላ ተቃወመች። ለሌላው ትዳር ያዘነችው ሴት ለገዛ ልጇ ትዳር አላዘነችም።

ለራሷም ትዳር ምክሯ አልሠራም። ከሮ ጋር ፍላጎታቸው እየተራራቀ ሄደ፤ በ1938 ሮ ሌላ ወዳጅ ብትይዥ አልቃወምም የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሰጣት፤ ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ያስጻፈችው እሷው ናት ይላሉ። እሱ በ1949 ሞተ። እሷም በጡት ነቀርሳ ታማ ጥቅምት 2 ቀን 1958 በ77 ዓመቷ ዐረፈች፤ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ በፖርትላንድ ባሕር ዳር ተበተነ።