ሙያዋን አስተምራ የከበረችው ማዳም ዎከር

በማኅበራችን ስለ ሥልጠና በተነሣ ቁጥር አንድ ስጋት አብሮ ይነሣል። በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጠውም፣ ፀጉር የምትሠራውም፣ ዳቦ ጋግራ የምታስረክበውም ሙያዋን ለሌላ ሴት ብታስተምር ነገ ደንበኞቿን እንዳትነጠቅ ትፈራለች። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በአንድ መንደር አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ሴቶች ሲበዙ ዋጋ እንደሚወርድ፣ የብድር ክፍያም እንደሚዘገይ የማኅበሩን ደብተር የምንይዝ እኛ እናውቀዋለን። ለዚህ እትም የአንዲት ነጋዴ ሴት ሕይወት የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሴትዮዋ በአሜሪካ በፀጉር ቅባት ንግድ ስሟ የገነነው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ናት። ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የልደት ስሟ ሣራ ብሪድላቭ ነው። በዲሴምበር 23 ቀን 1867 በሉዊዚያና ግዛት ዴልታ በምትባል ቦታ ተወለደች። ወላጆቿ እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ ከልጆቻቸው መካከል ነፃ ሆና የተወለደች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ነፃነቱ ግን እንጀራ አልሆነም። በሰባት ዓመቷ እናትም አባትም አልነበራትም። ከታላቅ እህቷ ጋር ወንዙን ተሻግራ ሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ ከተማ ገባች። የእህቷ ባል ክፉ ስለነበር ከዚያ ቤት ለመውጣት በ14 ዓመቷ ትዳር ያዘች። በ17 ዓመቷ ሌሊያ የምትባል ልጅ ወለደች፤ ገና በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተባት።

ሕፃኗን ይዛ ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካዮች ሆነው ወደሚሠሩበት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደች። እዚያም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሰው ልብስ አጠበች። ገቢዋ በቀን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ነበር። ከዚህችው ላይ እየቆጠበች ልጇን ትምህርት ቤት ላከች፣ ኋላም ኮሌጅ አስገባች። ስለ ሀብቷ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ዘመን በጥድፊያ ያልፉታል። እኛ ግን ንግዷ የተጀመረው እዚህ ይመስለናል። የምትሳለምበት የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተማሩና ንቁ ሴቶች ነበሩ፤ ለችግረኛ ያዋጣሉ፣ አዲስ መጥ ይቀበላሉ። እሷም ከእነሱ እርዳታ አግኝታለች። ሴቶች ተደራጅተው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያየችው ተረጂ ሆና ነው፤ በኋላ ወኪሎቿን ስታደራጅ ይህ ትዝታ የጠቀማት ይመስለናል።

በዚያ ዘመን ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር። ችግሩ የእሷ ብቻ አልነበረም። ብዙ ቤት የቧንቧ ውኃ ስላልነበረ ፀጉር የሚታጠበው አልፎ አልፎ ነው፤ ሳሙናው ቆዳ የሚልጥ ነው፤ ምግቡም ሐሳቡም ተጨምሮበት የራስ ቆዳ ይታመማል፣ ፎረፎር ይበዛል፣ ፀጉር ይሳሳል። ሣራ ያገኘችውን ሁሉ ሞከረች። ከሞከረቻቸው መካከል አኒ ተርንቦ የምትባል፣ ኋላ አኒ ማሎን በሚለው ስም የታወቀች ጥቁር ነጋዴ የምታዘጋጀው ቅባት ይገኝበታል። ሣራ የአኒ ሻጭ ወኪል ሆነች። ቅባት እንዴት እንደሚታይ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ በር እንዴት እንደሚንኳኳ የተማረችው ከእሷ ነው።

በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች። በእጇ የነበረው 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ እንደነበር ይነገራል፤ የአንድ ቀን የልብስ አጠባ ደመወዝ መሆኑ ነው። ቀን ወጥ ቤት ሆና እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የአኒን ቅባት ትሸጥ ነበር። በ1906 መጀመሪያ የጋዜጣ ማስታወቂያ ሥራ የሚያውቀውን ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አገባች፤ ብዙም ሳትቆይ የራሷን ቅባት ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በሚል ስም መሸጥ ጀመረች። ማዳም የሚለውን መጠሪያ መምረጧ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ አገር በዚያ ጊዜ ነጮች ጥቁር ሴትን ሽማግሌም ብትሆን በስሟ ብቻ ነበር የሚጠሩት። ጣሳው ላይ ማዕረጉ ስለታተመ፣ ቅባቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያከብራታል።

ቅባቱን በሕልሟ እንዳገኘችው ትናገር ነበር። ከሕልም ጋር ክርክር የለንም። ዋና ነገሩ ግን ድኝ ነበረበት፤ ድኝ ደግሞ ለራስ ቆዳ በሽታ ቀድሞም የታወቀ ነው። ፀጉር የሚተኮስበትን የብረት ማበጠሪያ ፈለሰፈች የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ከእሷ በፊት ነበር። አዲሱ ነገር አሻሻጧ ነው። ማስታወቂያዋ ላይ የሌላ ቆንጆ ሴት ሥዕል አላወጣችም። የራሷን ፎቶግራፍ፣ ፀጉሯ አጭር ሳለና ካደገ በኋላ፣ ጎን ለጎን አሳተመች። ገዢዋ የምታየው ራሷን የምትመስል፣ ልብስ አጣቢ የነበረች ሴት ነው። አንዱን ጣሳ በ50 ሳንቲም ትሸጥ ነበር።

ከዚያ መንገድ ጀመረች። ከባሏ ጋር በደቡብ ግዛቶች ከከተማ ከተማ እየዞረች፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በሰው ሳሎን ሴቶችን ሰብስባ የአንዷን ፀጉር በፊታቸው ታጥባለች፣ ትቀባለች፣ ታበጥራለች። ቶሎ ቶሎ መታጠብን ታስተምራለች። ከዚያ ቅባቱን ትሸጣለች፤ ከተማዋን ለቅቃ ከመሄዷ በፊት ደግሞ እዚያ የምትቀር አንዲት ወኪል ታሠለጥናለች። በ1908 ፒትስበርግ ላይ በልጇ ስም ሌሊያ ኮሌጅ የተባለ የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛ ከፈተች።

አሁን ወደ ስጋታችን እንመለስ። ማዳም ዎከር ሙያውን ሳትሰስት ለምን አስተማረች? ቸርነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሒሳቡን ስናየው ግን ሌላም ነገር አለ። አንዲት ሴት በቀን የምትሠራው ፀጉር በጣት ይቆጠራል፤ እጇ ሁለት፣ ቀኑም አንድ ነው። ያሠለጠነቻት ወኪል ግን ፀጉር በሠራች ቁጥር ቅባት ይፈጃል፣ ቅባቱ ሲያልቅ ትዕዛዝ ይመጣል። ማዳም ዎከር የምታስተምረው ሙያውን ነው፤ የምትሸጠው ደግሞ ሙያው የሚፈጀውን ዕቃ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ በሠራች መጠን አስተማሪዋ ታተርፋለች። የቅመም አዘገጃጀት የምታስተምር አባላችን የተፈጨውን ቅመም በጅምላ የምታስረክብ እሷው ከሆነች ነገሩ ያው ነው። አስተምራ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ግን ስጋቷ እውነት ነው።

እውነት መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ምስክሯ ራሷ ማዳም ዎከር ናት። አኒ ማሎን ያሠለጠነቻት ወኪል ተፎካካሪዋ ሆነች፤ አኒም ሥራዬን ቀዳችብኝ ብላ አጥብቃ ተቃወመች። በ1906 ፖሮ የተባለውን የንግድ ስሟን ያስመዘገበችው አስመሳዮች በበዙበት በዚያ ወቅት ነው። ይህን ታሪክ ሲተርኩ አኒን የሚረሷት ጸሐፊዎች ደስ አይሉንም፤ መምህርቷ ናትና። ቢሆንም አኒ አልደኸየችም። የራሷ ወኪሎች ነበሯት፤ በ1918 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፖሮ ኮሌጅ የተባለ ትልቅ ሕንፃ ከፍታ እሷም ባለጸጋ ሆናለች። ገበያው ሁለቱንም ቻለ፤ ከዚያ በፊት እነዚያን ሴቶች እንደ ደንበኛ የቆጠራቸው ሰው ጥቂት ነበርና።

በ1910 ማዳም ዎከር ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛወረች። ከተማዋን የመረጠችበት ዋና ምክንያት ብዙ የባቡር መሥመር የሚገናኝባት መሆኗ ነው፤ በፖስታ የታዘዘ ጣሳ በየአቅጣጫው ቶሎ ይደርሳል። ፋብሪካ ሠራች፣ በ1911 ኩባንያውን በሕግ አስመዘገበች። ባሏ ግን ያለን ይበቃናል ባይ ነበር፤ በዚህና በሌላም ምክንያት በ1912 ተፋቱ። የንግድ ስሙን አልለወጠችም። ሰው የለመደው ስም ገንዘብ ነው።

ኢንዲያናፖሊስ ከሰጠቻት ነገር ሁሉ እኛ የምንወደው ፍሪማን ራንሰም የተባለውን ወጣት ጠበቃ ነው። የኩባንያውን የዕለት ሥራ፣ ውሉንና ሒሳቡን በእሱ እጅ አደረገች። እሷ መንገድ ላይ ስትሆን ደብዳቤ ይመላለሱ ነበር፤ እሱ የገባውንና የወጣውን ይነግራታል፣ ቤት ግዢውና ልግስናው እንዳይበዛ ያስጠነቅቃታል። እሷም አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ አትሰማም። መደበኛ ትምህርት እምብዛም ያላገኘች ሴት ስለነበረች ሀብት ካገኘች በኋላ አስተማሪ ቀጥራ ተምራለች፤ ሒሳብን ግን ለሚያውቀው ሰው መተው እንዳለባት ገና ከጠዋቱ ገብቷት ነበር። እዚህ ላይ ለጋሾቻችንንም አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ለአነስተኛ ንግድ የሚሰጠው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለመነሻ ዕቃ ነው፤ ደብተር ለሚይዝ ሰው ደመወዝ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

በ1912 ቺካጎ ላይ የጥቁር ነጋዴዎች ማኅበር ጉባኤ ተደረገ። ሰብሳቢው በዘመኑ እጅግ የተከበረው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነበር። ማዳም ዎከር ለመናገር ዕድል ብትጠይቅም አልተሰጣትም፤ የፀጉር ቅባት ሻጭ ሴት ለወንዶቹ ጉባኤ አልመጠነችም። በመጨረሻው ቀን ሳትጋበዝ ተነሥታ ከጥጥ እርሻ ተነሥታ በገዛ መሬቷ ላይ ፋብሪካ እስከመሥራት የደረሰችበትን መንገድ ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ዋሽንግተን ራሱ ተናጋሪ አድርጎ ጋበዛት። በመካከሉ እሷ ተቀይማ አልቀረችም፤ ለትምህርት ቤቱ እርዳታ ሰጥታ፣ በሥራዋ ታይታ ተመለሰች። ይህን ሁሌ መልካም ነው አንልም፣ አንዳንድ በር መንኳኳት አይገባውም። እሷ ግን ከኋላዋ ብዙ ሴቶች ስለነበሩ በሩን ፈለገችው።

እነዚያ ሴቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በ1913 ወደ ጃማይካ፣ ኩባ፣ ሄይቲና ፓናማ ተጉዛ እዚያም ወኪል አፍርታለች። ብዙዎቹ ከልብስ አጠባና ከሰው ቤት ሥራ የወጡ ናቸው። ወኪሎቿን በየከተማቸው በማኅበር አደራጀቻቸው፤ በየወሩ መዋጮ ያዋጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ስትሞት ለቤተሰቧ ገንዘብ ይሰጣል። ለእኛ ይህ ያው ዕድር ነው። በ1917 ፊላዴልፊያ ላይ ከ200 የሚበልጡ ወኪሎች ጉባኤ አደረጉ። ሽልማቱ ብዙ ለሸጠች ብቻ ሳይሆን ለችግረኛ አብልጠው ለሰጡም ነበር። በዚያው ዓመት ኢስት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ብዙ ጥቁሮች በነጭ ሁከተኞች ተገድለው ስለነበር፣ ጉባኤው ለፕሬዚዳንት ዊልሰን የተቃውሞ ቴሌግራም ላከ። የንግድ ስብሰባ በዚህ መጨረሱን ለሚገረም፣ በነፍሱ የሚሰጋ ደንበኛ ቅባት እንደማይገዛ ማሰብ ይበቃል።

ሐኪሞች ደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም እንዳለባት ነግረው እረፊ ቢሏትም አላረፈችም። በ1918 ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ሀድሰን ወንዝ ዳር፣ በጥቁር አርክቴክት የተነደፈ ሰፊ ቤት አሠርታ ገባች። ራንሰም ስለ ወጪው ሳይጨነቅ አልቀረም፤ እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን እንጨነቅ ነበር። ቤቱ ውስጥ የኖረችው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በሜይ 25 ቀን 1919 በ51 ዓመቷ እዚያው ሞተች። ከመሞቷ በፊት በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን የመንጋ ግድያ ለሚታገለው ማኅበር 5,000 ዶላር ሰጥታለች።

ሚሊየነር ነበረች ይባላል፤ ሲቆጠር ግን ንብረቷ ከሚሊዮን በታች ሆኖ ተገኘ። ብዙው ቀድሞ ተሰጥቷል፣ ብዙውም መሬትና ቤት ነበር። ቅባቱን የሚሸጡላት ሴቶች ስለነበሩ የኩባንያው ኃላፊ ሁልጊዜ ሴት እንድትሆን ፈለገች። ከእሷ ቀጥሎ ልጇ ሌሊያ ያዘችው፤ ሌሊያ በ1931 ስትሞት በጉዲፈቻ ያሳደገቻት ሜይ ተተካች፤ ከሜይ ቀጥሎ ደግሞ የሜይ ልጅ።