ዊልያም ሐና፤ የጊዜን ልክ ያወቀ ሰው

ተማሪዎች ሆይ፤ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን አዲሱ ገበያን በአሳባችሁ ተመልከቱ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ አሮጌ መጻሕፍት በመንገድ ዳር ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው አገኛችሁ እንበል። ከጂኦግራፊውና ከሒሳቡ መጽሐፍ መካከል ጠርዙ የተበላ፣ ወረቀቱ የወየበ፣ በሽፋኑ ላይ ባርኔጣ ያደረገና ክራቫት ያሰረ ድብ የተሣለበት አንድ ቀጭን መጽሔት ብቅ ይላል። ገልጣችሁ ብትመለከቱት ገጹ ሁሉ በአራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በየክፍሉ አንድ አንድ ሥዕል አለ፤ ድቡ የሚናገረውም ቃል ከራሱ በላይ በተሣለ ክብ ውስጥ ተጽፏል።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ በሸራ ላይ ተሥሎ ሳታዩ አልቀራችሁም። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተጓዘ ሥዕሉን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ያ መጽሔትም የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የመጽሔቱ ድብ በወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በቴሌቪዥን ይንቀሳቀስና ይናገር ነበር። ስሙ ዮጊ ይባላል። ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሐና ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ ሥራውን በእኩሌታ ዕድሜው ያጣ ሰው ጉድለትን በምን ዘዴ እንዳሸነፈ፣ ለድሉም ምን ዋጋ እንደከፈለ ታገኙበታላችሁና።

ዊልያም ሐና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 14 ቀን 1910 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሜልሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቹ ሰባት ልጆች ነበሯቸው። አባቱ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪ ስለ ነበረ ቤተሰቡ ሥራ ወደ ተገኘበት ሁሉ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ በካሊፎርኒያ ተቀመጠ። ወጣቱ ሐና ኮሌጅ ገብቶ ጋዜጠኝነትንና የግንባታ ምሕንድስናን መማር ጀመረ። ነገር ግን በ1929 የተነሣው ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ትምህርቱን አስጣለው። በሆሊውድ በሚሠራ አንድ የቲያትር ቤት ግንባታ ላይ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ያ ሥራ ሲያልቅም መኪና በማጠብ ኑሮውን ይገፋ ነበር።

በ1930 የካርቱን ፊልም ወደሚያዘጋጅ አንድ ስቱዲዮ ገባ። እዚያም መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ሥዕል መሣል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ሥዕሎቹ የሚሠሩት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ ሲሆን፣ ፊልሙ ከተነሣ በኋላ ያው ሉህ ታጥቦ እንደ ገና ያገለግል ነበር። የሐና የመጀመሪያ ሥራ እነዚህን ሉሆች ማጠብ ነበር። ከዚያም በትጋቱ የቀለም ቀቢዎቹ ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቃ። ይሁን እንጂ ስመ ጥር ሠዓሊ አልሆነም። ተሰጥዎው ሌላ ነበር፤ ሙዚቃ ይወድ፣ የመዝሙር ግጥምም ይጽፍ ስለ ነበረ ጊዜን በልክ መክፈልን ዐወቀ።

ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። የካርቱን ፊልም የሚንቀሳቀስ መስሎ የሚታየው በእያንዳንዱ ሰኮንድ 24 ምስሎች በዓይናችን ፊት ስለሚያልፉ ነው። ሰባት ደቂቃ ብቻ ለሚፈጅ ፊልም 10,080 ምስሎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት ድመት ሮጣ ከግድግዳ ጋር ብትጋጭ፣ ከመውደቋ በፊት ስንት ምስል ያህል ቀጥ ብላ ትቆይ? ቆይታው ቢያጥር ተመልካቹ ነገሩን ሳይረዳው ያልፈዋል፤ ቢረዝም ደግሞ ሣቁ ይከስማል። ሐና ይህን ልክ እንደ ዜማ በምት እየቈጠረ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይወስን ነበር። ሠዓሊዎቹም የሚሥሉት እርሱ በወሰነው ልክ ነበር።

በ1937 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያም ከጆሴፍ ባርቤራ ጋር ተገናኘ። ባርቤራ በ1911 በኒው ዮርክ የተወለደ ሲሆን፣ በባንክ ቤት ሲሠራ ቆይቶ የካርቱን ሥዕሎቹን ለመጽሔት በመሸጥ ወደዚህ ሙያ የመጣ ሰው ነበር። አንዱ የጐደለውን ሌላው ነበረው። ባርቤራ ታሪኩን ያፈልቃል፣ ሥዕሉንም በፍጥነት ይነድፋል፤ ሐና ደግሞ የጊዜውን ልክ ይወስናል፣ ሠራተኞቹንም ይመራል። በ1940 አንዲትን አይጥ የሚያሳድድ ድመት የሚታይበት ፊልም አወጡ። ሁለቱ እንስሳት ቶምና ጄሪ የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ የቶምና የጄሪ ፊልሞች 114 ደረሱ፤ ሰባቱም የኦስካር ሽልማት አገኙ። የሽልማቱን ሐውልት የሚቀበለው ግን የስቱዲዮው አስተዳዳሪ እንጂ ሁለቱ ሰዎች አልነበሩም።

በ1957 ኩባንያው የካርቱን ክፍሉን ዘጋ። ውሳኔው የደረሳቸው በስልክ ነበር። ምክንያቱ የሥራው መበላሸት አልነበረም፤ አሮጌዎቹን ፊልሞች እንደ ገና በየሲኒማ ቤቱ ማሳየት አዲስ ከመሥራት የማይተናነስ ገቢ እንደሚያስገኝ የሒሳብ ሰዎች ስላሰሉ ነው። የሰዎቹ የገዛ ሥራ ከእንጀራቸው አፈናቀላቸው ማለት ነው። ሐና ያን ጊዜ አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ከካርቱን በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት ሐናና ባርቤራ በስማቸው የሚጠራ የራሳቸውን ስቱዲዮ አቋቋሙ። ሲኒማ ቤቱ ፊቱን ስላዞረባቸው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ። ቴሌቪዥን ግን ለአምስት ደቂቃ ፊልም የሚከፍላቸው ሦስት ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ለአንድ የቶምና ጄሪ ፊልም ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከዚህ ከአሥር እጅ በላይ ይበልጥ ነበር። እንደ ቀድሞው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንሣል ቢሉ ከወር በላይ አይዘልቁም። ስለዚህ የሐና ጥያቄ ምን እንጨምር የሚል ሳይሆን ምን ብንተው ተመልካቹ አይጐዳም የሚል ሆነ።

መልሱን በዮጊ አንገት ላይ ታገኙታላችሁ። ድቡ ልብስ ሳይለብስ ክራቫት ማሰሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ክራቫቱ ራሱንና አካሉን የሚለይ ድንበር ነው። ድቡ ሲናገር ከክራቫቱ በታች ያለው አካል አንድ ጊዜ ተሥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚለዋወጠው ከክራቫቱ በላይ ያለው ራስና አፍ ብቻ ነው። ሲሮጥም ያው ዛፍና ያው ድንጋይ በኋላው ደጋግመው ያልፋሉ። እንቅስቃሴው ሲቀንስ ንግግሩና ድምፁ የጐደለውን ይሞላሉ። በዚህ ዘዴ በ1958 ሐክልቤሪ የተባለው ውሻ፣ ከእርሱም ጋር ዮጊ ወጡ። በ1960 ደግሞ በድንጋይ ዘመን የሚኖሩትን፣ መኪናቸውን በእግራቸው እየገፉ የሚነዱትን የፍሊንትስቶን ቤተሰቦች አቀረቡ። ይህ ተከታታይ ፊልም እስከ 1966 በ166 ክፍሎች ታይቷል።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የቀድሞውን ሥራ የሚያደንቁ ብዙ ሰዎች የካርቱን ጥበብ ረከሰ ብለው ነቀፉ። ነቀፌታው መሠረት የሌለው አልነበረም። በቶምና በጄሪ ሩጫ ውስጥ የነበረው የአካል ልስላሴና ውበት በአዲሶቹ ፊልሞች አልነበረም። በሌላው ወገን ደግሞ፣ ከተዘጋው ክፍል የተባረሩ ብዙ ሠዓሊዎች በአዲሱ ስቱዲዮ እንጀራቸውን አገኙ። የትኛው ይበልጣል? እናንተ መዝኑት።

አሁን ወደዚያ ቀጭን መጽሔት እንመለስ። ደል የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከ1959 ጀምሮ የእነዚህን የቴሌቪዥን ካርቱኖች ታሪክ በሥዕል መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ዋጋው አሥር ሳንቲም ስለ ነበረ ልጆች ከኪሳቸው ይገዙት ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአሜሪካ ቤተሰብ ያለው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ሐክልቤሪ ሰማያዊ ውሻ ሆኖ ሳለ ልጆቹ በመስኮቱ የሚያዩት ግራጫ ውሻ ነበር። ሰማያዊ መሆኑን ብዙዎቹ የሚያውቁት መጽሔቱን ሲገዙ ነው። በርካሽ ወረቀት ላይ በቢጫ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመው ሥዕል ቴሌቪዥኑ የነፈጋቸውን ሰጣቸው።

መጽሔቱ ግን የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ድምፅም እንቅስቃሴም የለውም። ቶምና ጄሪ በፊልም ላይ ቃል የሚናገሩት ከስንት አንዴ ነው፤ ሩጫቸውና ሙዚቃው ሁሉን ይናገርላቸዋል። በመጽሔት ላይ ግን ሙዚቃ ስለሌለ እንዲናገሩ ግድ ሆነ። እነርሱንና ዮጊን ለመጽሔት ከሣሉት አንዱ ሐርቪ አይዘንበርግ፣ ቀድሞ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ከሐናና ከባርቤራ ጋር የሠራ ሰው ነበር። በ1965 ሲሞት ሥዕሉን የሚወዱት ልጆች ስሙን አያውቁም ነበር፤ በመጽሔቱ ላይ የሠዓሊው ስም አይጻፍምና። ሽልማታቸውን ሌላ ሰው ሲቀበልላቸው የኖሩት የሁለቱ ሰዎች ስም በስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ሲጻፍ፣ የሌላው ሠራተኛ ስም ደግሞ በተራው ተሸፈነ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። የሐና ጥበብ የጊዜ ልክ ነበር፤ በመጽሔት ላይ ግን ጊዜውን የሚለካው አንባቢው ነው። ድቡ ከገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ገጹን ለመግለጥ ብትቸኩሉ ወዲያው ይወድቃል፤ ብትዘገዩ እስከ ማታ እንደ ቆመ ይቆያል። ስለዚህ ጥሩ ሠዓሊ የክፍሎቹን ስፋት፣ የቃላቱንም ብዛት በመመጠን የአንባቢውን ዓይን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ሐና በምት ቈጥሮ የሠራውን አይዘንበርግ በአራት ማዕዘን ሠራው።

በእኛም አገር ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1957 በጥቁርና ነጭ ነበር። አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ለረጅም ዘመን በዚሁ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ የተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል። በቃል ተነግሮ የሚያልፍ ተረት በመጽሐፍ ላይ ሲሰፍር እንደ ገና ይነበባል፤ ለታናሽ ወንድምም ይተርፋል። ባለቀለም የቴሌቪዥን ሥርጭት ወደ አገራችን የመጣው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ልጆች የካርቱኑን ቀለም በአሳባቸው መቀባት ነበረባቸው።

ሐናና ባርቤራ በ1966 ኩባንያቸውን ለሌላ ድርጅት ሸጡ፤ ከሥራው ግን አልተለዩም። ሐና ማርች 22 ቀን 2001 በካሊፎርኒያ በዘጠና ዓመቱ ዐረፈ። ባርቤራ ደግሞ በ2006 ተከተለው። ከስድሳ ዓመት በላይ በአንድነት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በአሥር ሳንቲም ይሸጡ የነበሩት መጽሔቶችም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በላስቲክ ተሸፍነው እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ።

ተማሪዎች ሆይ፤ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከዚህ ሕይወት የሚማረው አለ። ጀማሪ ጸሐፊ ምን ልጨምር እያለ ይጨነቃል፤ የበሰለው ግን ምን ልተው ብሎ ይጠይቃል። ሆኖም የሚተወው ሁሉ ትርፍ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ውበት እንደ ነበረ ያስታውሳል። እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡና አንዱን ገጽ በስድስት ክፍል ክፈሉት። አዲሱ ገበያ ላይ በጠዋት ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥን አንድ ተማሪ ታሪክ በስድስቱ ክፍሎች ንገሩ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከአሥር ቃላት በላይ አትጻፉ። ታክሲው ሲያመልጠው የሚታይበትን ክፍል ሰፋ አድርጉት፤ አንባቢው እዚያ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያዝንለት።