የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አባትነት

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለዩ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወስደው በክርስትና ሃይማኖትና በትምህርት አሳደጓቸው፤ ሐኪምም ሆኑ። ጐልምሰው ወደ አገራቸው ቢመለሱ፣ አያታቸው ከሰውነታቸው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

የወላጅ እቅፍ በሕፃንነት ያጡት ወርቅነህ የብዙ ልጆች አባት ሆኑ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በበላይነት ተቆጣጠሩ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሆነው እልቂት፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ተገደሉ።

ኀዘንተኛው አባት ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በ1945 ዓ.ም. አረፉ። አስተምረው ያደረሷቸውን ልጆች ለአገር ገብረው፣ የሌላውንም ልጅ አስተማሩ።